የጓሯችን ጤና ከእጃችን ይጀምራል
(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለአንባቢያን እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)

  የዛሬው ርዕሳችን ከቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ከእናንተ መካከል «ኢማም ስለ እንሰትና ስለ ጎመን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ሙስሊም ከተከለው ተክል ወይም ከዘራው አዝመራ ሰውም ሆነ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚቆጠርለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከመትከሉ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። የተከልነው ተክል ቢታመምስ? በሽታውም በእኛ እጅ ወደ ጎረቤት ቢሻገርስ?

ይህን የምጠይቀው በእኔው ላይ ስለደረሰ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ወደዚህ ወደ ደካ መጣሁ። በሰፈራችን ሠርግ ነበር። ለዳቦው መጋገሪያ የሚሆን ኮባ እንዳመጣ ቢላዋ ተሰጥቶኝ ከጓሮ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሰባት ቤት ያህል ገብቼ ቆርጫለሁ። በአንደኛው ጓሮ የመሐል ቅጠሉ ቢጫ የሆነና አንገቱን የደፋ እንሰት አየሁ። ፀሐይ የመታው መሰለኝና ከእሱም ቆርጬ አለፍኩ። የመጨረሻው ጓሮ ባላቸው የሞቱባቸውና ልጆቻቸውን በእንሰት የሚያሳድጉ የአንዲት እናት ጓሮ ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእኚያ እናት እንሰት ተራ በተራ ይጠወልግ ጀመር። የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። አንዱን ግንድ ቆረጠና ትንሽ እንድንጠብቅ ነገረን። ከተቆረጠው ቦታ ክሬም የመሰለ ወፈር ያለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያም «በቅርቡ እዚህ ኮባ የቆረጠ ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። በማግሥቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አውቀህ አላደረግከውም። አሁን ያወቅከውን ግን ለማያውቀው ንገር» አሉኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ጤናማ ችግኝ እየፈለግኩ ጓሯቸውን መልሼ ለመትከል ሞከርኩ። የዛሬው ትምህርት የዚያ አደራ አንድ ክፍል ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በግብርና ሰዎች ዘንድ «የእንሰት አጠውልግ» ይባላል። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። በሽታው በሳይንስ ጽሑፍ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን እንሰት ላይ ያገኙትን ካሳተሙ ወዲህ ነው። ሙዝ የእንሰት ዘመድ ስለሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚሁ በከፋ ምድር በሙዝ ላይም መታየቱ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቶ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ፤ ብዙ ገበሬንም አስለቀሰ። ስለሆነም ጓሯችሁ ውስጥ እንሰትና ሙዝ ጎን ለጎን ካላችሁ የአንዱ በሽታ ለሌላው እንደሚተርፍ እወቁ።

በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ይነገራል። አንድ እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። በመሆኑም አንድ እንሰት ሲሞት የጠፋው የአንድ ክረምት አዝመራ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ልፋትና የክፉ ቀን ቀለብ ነው። ለበሽታው ተረጭቶ የሚያድን መድኃኒት የለም። ፍጹም የማይያዝ የእንሰት ዓይነትም እስካሁን አልተገኘም፤ አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ እንጂ። የቀረን መከላከል ነው። መከላከሉ ደግሞ ደስ የሚለው ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

አንደኛ፡ ቢላዋን ማጽዳት

የበሽታው ዋነኛ መጓጓዣ ቢላዋና ገጀራ ነው። የታመመውን ስንቆርጥ ፈሳሹ ስለቱ ላይ ይቀራል፤ ጤነኛውን ስንቆርጥ በቁስሉ በኩል ይገባል። ቢላዋውን በኮባው ወይም በልብስ መጥረግ አያጸዳውም። ሁለት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እሳት ነው። ስለቱን በውሃ ካጠባችሁ በኋላ በሁለቱም ጎኑ በነበልባል ላይ እያገላበጣችሁ በእጅ የማይነካ እስኪሆን አግሉት። ሁለተኛው በረኪና ነው። አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጡና ጭቃውና ፈሳሹ የታጠበውን ቢላዋ ዘፍዝፋችሁ አቆዩት። ቆሻሻ ያለበት ቢላዋ በረኪናውን ኃይል ያሳጣዋልና ማጠቡ ይቅደም። ብጥብጡ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ከጓሮ ወደ ጓሮ ስትሻገሩ፣ ከተቻለም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ይህን አድርጉ።

በተለይ ለሠርግ፣ ለመውሊድና ለሐዘን ቤት ኮባ ሲሰበሰብ ልብ በሉ። ወጣቶችን ከመላካችን በፊት ቢላዋውን እናግል፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ በራሱ ቢላዋ ቆርጦ በር ላይ ቢሰጣቸው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። እንግዳ ቢላዋ ጓሯችሁ እንዳይገባ ስትከለክሉም ንፉግነት አይደለም። ጎረቤትም አይቀየም፤ ለእሱም የሚጠቅመው ይኸው ነውና።

ሁለተኛ፡ ችግኝን መምረጥ

ከየትም የመጣ ችግኝ አትትከሉ። በሽታው በችግኝ ውስጥ ተደብቆ ለወራት ሊቆይ ይችላልና ላዩን አይታችሁ ብቻ አትመኑ። ችግኝ የሚሰጣችሁን ሰው ጓሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። የጠወለገ ተክል ባለበት ጓሮ ያለ ችግኝ ምንም ቢያምር ይለፋችሁ። ገበያ ላይ ከማይታወቅ ቦታ የመጣውንም አትግዙ። አያቶቻችን በአንድ ጓሮ ውስጥ ብዙ ዓይነት እንሰት የሚያኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይተርፋል። «ቶሎ የሚደርሰውን ብቻ» እያልን ዓይነቱን አናመናምን።

ሦስተኛ፡ የታመመውን ማስወገድ

የመሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አንገቱን የሚደፋ ተክል ስታዩ አትጠብቁ። የቅጠሉን እጀታ ወይም ግንዱን ቆርጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክሬም ወይም ቢጫ መሳይ ወፍራም ፈሳሽ ከወጣ አጠውልግ መሆኑን ተጠራጠሩ፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያም ጥሩ። ተክሉ ከነሥሩና ከነአምቾው ይነቀል። በጓሮው መሐል ጎትታችሁ አትውሰዱት፤ እዚያው አጠገቡ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከትፋችሁ ቅበሩት። ከዚያ ቢላዋውን፣ ዶማውንና እጃችሁን አጽዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ «ከሚጣል ላም ትብላው» ብሎ የታመመውን ቅጠል ለከብት መስጠት። ከብቷ እያኘከች ወደ ጤነኛው ተክል ስትሄድ በሽታውን ልትወስደው ትችላለች። ሁለተኛ፣ የታመመውን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መጨመር። ሦስተኛ፣ በተነቀለው ቦታ ወዲያው ሌላ እንሰት ወይም ሙዝ መትከል። ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ከተቻለም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ በዚያ ቦታ በቆሎ፣ ባቄላ ወይም ጎመን ይዘራበት። ፍልፈልና ጃርትም ሥሩን እያቆሰሉ ለበሽታው በር ይከፍታሉና ጉድጓዳቸውን ተከታተሉ።

ደግሞም አትደብቁ። ጓሯችሁ ውስጥ በሽታ ሲገባ ለጎረቤት መንገር ውርደት አይደለም። በእስልምና ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት ክልክል መሆኑን እናውቃለን። እያወቁ ዝም ማለት ጎረቤትን መጉዳት ነው። የጎረቤት ሐቅ በሩን ሲያንኳኳ በመክፈት ብቻ አይፈጸምም፤ አጥሩን የሚያልፈውን በሽታ በመንገርም ይፈጸማል። እኔ ያን ቀን ባለሙያው ሲጠይቅ ዝም ያልኩባት ሰዓት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ቡናውም እንደዚሁ ነው

የጓሮ ቡና ያላችሁም ከዚህ ትምህርት አትወጡም። ቡናን የሚያደርቅ ከአፈር የሚነሣ የሻጋታ በሽታ አለ። እሱም የሚገባው በብዛት በቁስል በኩል ነው፤ ቁስሉን የምናደርሰው ደግሞ አረም ስንመታ ገጀራውና ዶማው ግንዱን ሲልጠው ነው። ስለዚህ ከቡናው ግንድ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ ንቀሉ፤ በዙሪያውም ደረቅ ቅጠል አልብሱት። ቅጠሉ ግን ግንዱን አይንካ። በአንድ ጎን ጀምሮ የደረቀ የቡና ዛፍ ካለ ከነሥሩ ነቅላችሁ እዚያው አቃጥሉት። ለማገዶ ብላችሁ በጓሮው መሐል አትጎትቱት።

አራተኛ፡ አፈርን መመገብ

ደካማ ሰው በሽታ እንደሚበረታበት ሁሉ የተራበ ተክልም ቶሎ ይጎዳል። የእኛ አገር ዝናብ የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን ብዙ ዝናብ የአፈሩን ምግብ እያጠበ ወደ ታች ይወስዳል፤ አፈሩም ኮምጣጣ ይሆናል። ኮምጣጣ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢጨመርም ተክሉ በሚገባ አይጠቀምበትም።

ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ምድጃችን ውስጥ ነው። የእንጨት አመድ ኮምጣጣነትን ያበርዳል፤ ፖታሽየም የሚባለውንም ምግብ ይሰጣል። በአንድ ካሬ ሜትር መደብ ላይ አንድ ሁለት እፍኝ በትናችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ከዚያ በላይ አታብዙ። ከትኩስ ፍግ ጋርም አንድ ላይ አታድርጉት፤ የፍጉን ኃይል ወደ አየር ያስወጣዋል። ድንች የምትተክሉበት መደብ ላይ አመድ ባይበዛ ይሻላል። ፕላስቲክ የተቃጠለበትን አመድ ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ሁለተኛው ኮምፖስት ነው። ከታች እንጨታ እንጨት ነገር አንጥፉ፤ በላዩ አንድ ንጣፍ ደረቅ ቅጠል፣ የቡና ገለባ ወይም ጭድ፣ ቀጥሎ አንድ ንጣፍ እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ ፍግና ጥቂት አፈር እያደረጋችሁ ከምሩ። በመሐሉ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ በየጊዜው እየነቀላችሁ እዩ። ዱላው ሞቅና ረጠብ ብሎ ከወጣ ሥራው በደህና እየሄደ ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ጨምሩ፤ ጨቅይቶና ሸትቶ ከወጣ ደረቅ ቅጠል ጨምራችሁ አገላብጡ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ብታገላብጡት በሦስት በአራት ወር ውስጥ ጥቁርና የጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል። በክረምት ጉድጓድ ውሃ ይሞላልና ከመሬት በላይ ከምራችሁ በኮባ ሸፍኑት። ኮባው ግን ከጤነኛ ተክል የተቆረጠ ይሁን።

ሦስተኛው ማልበስ ነው። የከፋን ጫካ አስቡት። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ ጫካ ማዳበሪያ ያመጣለት የለም፤ አረም የነቀለለትም የለም። አፈሩ ግን ለስላሳ ነው፤ ቡናውና ኮረሪማው በጥላው ሥር ይበቅላሉ። ምሥጢሩ አፈሩ ራቁቱን አለመዋሉ ነው። የወደቀው ቅጠል ዝናቡን ያበርዳል፤ ሲበሰብስ ምግብ ይሆናል። እኛ ግን ጓሯችንን ጠርገን ቅጠሉን እናቃጥልና አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ እናዝናለን። ግቢው ይጠረግ፤ ጓሮው ግን ይልበስ።

አምስተኛ፡ የጎመኑ መደብ

አትክልት የሚሞተው በውሃ እጦት ብቻ አይደለም፤ በእኛ አገር በውሃ ብዛትም ይሞታል። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፤ በዙሪያውም የውሃ መውረጃ ቦይ አውጡ። ችግኞቹን አታጨናንቁ፤ ነፋስ በመሐላቸው ሲያልፍ ቅጠላቸው ቶሎ ይደርቃል፤ ሻጋታም አይመቸውም። በበጋ ውሃ የምታጠጡ ከሆነ ማለዳ ይሁን፤ ውሃውንም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሱ።

ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የአንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። ዘንድሮ ድንች የነበረበት መደብ ላይ ቲማቲም አትትከሉ። በሚቀጥለው ወቅት ባቄላ ወይም ቦሎቄ፣ ከዚያ ጎመን፣ ከዚያ ካሮት ወይም ቀይ ሥር እያደረጋችሁ አዟዙሩ። ባቄላና ቦሎቄ አፈሩን ስለሚያዳብሩ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ጎመን ያምርበታል።

ጎመን ላይ ከቅጠሉ ሥር የሚሰፍረውን ክሽክሽ በመጀመሪያ በውሃ እጠቡት። ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ከቅጠሉ ሥር እርጩበት፤ ከመብላታችሁ በፊትም በደንብ እጠቡ። ስሙ ያልተጻፈበትን፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን መርዝ ጓሯችሁ አታስገቡ። ጎመኑን የምትበሉት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። ንብ ያለው ጎረቤትም አለ፤ የረጫችሁት መርዝ ቀፎውን ባዶ ሊያደርግበት ይችላል።

ከአድማጮች የቀረበ ጥያቄ

አንዲት እህት «ጓሮዬ ከአንድ ክፍል ቤት አይበልጥም፤ ከቦንጋ ከተማም ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ምን ልትከል?» ብላ ጠይቃለች። እህቴ፣ በተበሳ ጀሪካንና በአሮጌ ሳፋም ይተከላል። ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው፤ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅዪበት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና በሶብላ ይበቅሉበታል። ቤት ስትቀይሪም ይዘሽው ትሄጃለሽ።

አንድ ወንድም ደግሞ «እኔ ተጠንቅቄ ጎረቤቴ ባይጠነቀቅ ምን ዋጋ አለው?» ብሏል። ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ ይህ በሽታ በአንድ ሰው ጥረት ብቻ አይቆምም። ስለዚህ በዕድር፣ በደቦና በመስጊድ ግቢ እንነጋገርበት። ጎረቤትህ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም በሽታው አይለይም፤ ሐቁም አይቀነስም። መጀመሪያ አንተ ቢላዋህን በፊቱ አግለህ ስትቆርጥ ይይህ። ሰው ከሚነገረው ይልቅ ያየውን ይይዛል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ከፈጅር በኋላ ጓሯችሁን ዙሩ፤ የእያንዳንዱን እንሰት የመሐል ቅጠል ተመልከቱ። ሲመሽ ቢላዋችሁን እጠቡና በእሳት አግሉ። ልጆቻችሁም እያዩ ይሁን፤ ነገ ኮባ ቁረጡ ተብለው የሚላኩት እነሱ ናቸው።

እኚያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። በጓሯቸው ግን ልጆቻቸው የሚበሉት እንሰት ቆሟል። በሩ ላይ ኮባ ሊቆርጥ የመጣ ሰው ሁሉ «ቢላዋህን አግለሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ባለፈው እኔም ተጠይቄያለሁ።

አላህ በምንተክለው በረካ ያድርግልን፤ እጃችንንም ከጉዳት ይጠብቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።